ወደ ሌላ አገር መደወል እምቢ ሲል፦ የአገር ኮድና መነሻ ቁጥሮች ደረጃ በደረጃ

ቁጥሩን ከወረቀት ላይ በጥንቃቄ ገለበጣችሁ። ደወላችሁ። «የደወሉት ቁጥር ትክክል አይደለም» የሚል ድምፅ መጣ። ደግማችሁ ሞከራችሁ፣ ያው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ቁጥሩን አሳስተው ነው የሰጡኝ» ብሎ ይተወዋል።

አብዛኛውን ጊዜ ግን ቁጥሩ ልክ ነው። ችግሩ ያለው ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ሦስት አሃዞች ላይ ነው። ወይ አንድ ዜሮ ተርፏል፣ ወይ አንድ መነሻ ጎድሏል። ቁጥርን በክፍል በክፍሉ ማንበብ ከለመዳችሁ ይህ ጣጣ ያልቃል። ቀጥሎ ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ሂዱባቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ስልኩን ከማንሳታችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን አረጋግጡ።

1. እኔ አሁን ያለሁት የት አገር ነው?
2. ቁጥሩ የየት አገር ነው?
3. የምደውለው በሞባይል ነው ወይስ በመስመር ስልክ?

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚፈለገው ሰውየው አሁን ያለበት አገር አይደለም። ሲም ካርዱ የወጣበት አገር ነው። የኬንያ ሲም የያዘ ጓደኛችሁ ለሥራ ጀርመን ቢሄድም ቁጥሩ በኬንያ ኮድ 254 ይጀምራል። የጀርመንን 49 ብታስገቡበት ወይ አይሠራም፣ ወይ የማታውቁት ሰው ያነሳዋል።

ደረጃ 1፦ ቁጥሩን ቆራርጡት

እንዲህ ተብሎ የተጻፈ ቁጥር ደረሳችሁ እንበል፦

00 44 (0)20 7946 0018

ይህ የለንደን ቁጥር ነው። የእንግሊዝ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ኦፍኮም ለፊልምና ለድራማ ብሎ ከለያቸው ቁጥሮች አንዱ ስለሆነ የማንም ቤት አይጠራም። ለዚህ ነው ለምሳሌ የመረጥኩት። አራት ክፍል አለው፦

- 00፦ መውጫ ቁጥር። «ይህ ጥሪ ወደ ሌላ አገር ነው» ብሎ ለመስመሩ የሚናገር ነው።
- 44፦ የአገር ኮድ። እዚህ የእንግሊዝ ነው።
- (0)፦ የአገር ውስጥ መነሻ። እዚያው አገር ውስጥ ሆኖ የሚደውል ሰው ብቻ የሚጠቀምበት ነው።
- 20 7946 0018፦ ዋናው ቁጥር። 20 የለንደን የአካባቢ ኮድ ነው፤ ቀሪው የደንበኛው ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ያዙ። መውጫው የሚወሰነው እናንተ ባላችሁበት አገር ነው። የአገር ኮዱ የሚወሰነው በተቀባዩ ቁጥር አገር ነው። ዜሮው ደግሞ ከውጭ ለሚደውል ሰው ጭራሽ አይመለከተውም። እነዚህ ሦስቱ ሲደባለቁ ነው ጥሪው የሚበላሸው።

ደረጃ 2፦ የአገር ኮዱን ለዩ

የአገር ኮድ ከአንድ እስከ ሦስት አሃዝ አለው። የሚመድበው የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ነው። የመጀመሪያው አሃዝ ብቻውን የዓለምን ክፍል ይጠቁማችኋል፦

- 1፦ አሜሪካ፣ ካናዳና ብዙ የካሪቢያን ደሴቶች
- 2፦ በአብዛኛው አፍሪካ (ግብፅ 20፣ ደቡብ አፍሪካ 27፣ ናይጄሪያ 234፣ ሱዳን 249፣ ኢትዮጵያ 251፣ ጅቡቲ 253፣ ኬንያ 254)
- 3 እና 4፦ አውሮፓ (ፈረንሳይ 33፣ ጣሊያን 39፣ እንግሊዝ 44፣ ስዊድን 46፣ ጀርመን 49)
- 5፦ ሜክሲኮ፣ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ (ሜክሲኮ 52፣ ብራዚል 55)
- 6፦ ደቡብ ምሥራቅ እስያና ኦሺኒያ (አውስትራሊያ 61፣ ሲንጋፖር 65)
- 7፦ ሩሲያና ካዛክስታን
- 8፦ ምሥራቅ እስያ (ጃፓን 81፣ ቻይና 86)፣ የሳተላይት ስልኮችም እዚህ አሉ
- 9፦ መካከለኛው ምሥራቅና አካባቢው፣ ደቡብ እስያም (ቱርክ 90፣ ሕንድ 91፣ ሊባኖስ 961፣ ሳዑዲ ዓረቢያ 966፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ 971፣ እስራኤል 972)

ኮዱ የት ላይ እንደሚያበቃ ግራ የሚገባው ሰው አለ። «25 ነው ወይስ 254?» ይላል። ኮዶቹ ሲመደቡ አንዱ የሌላው መነሻ እንዳይሆን ተደርጎ ነው። 254 ስላለ 25 የሚባል ኮድ ሊኖር አይችልም። 20 የግብፅ ስለሆነ ደግሞ በ20 የሚጀምር ባለ ሦስት አሃዝ ኮድ የለም። ስለዚህ ክፍተት ባይኖረውም ቁጥሩ በአንድ መንገድ ብቻ ነው የሚነበበው።

ጥንቃቄ፦ አንድ ኮድ የግድ አንድ አገር አይደለም። ‎+1 ያየ ሁሉ አሜሪካ ይመስለዋል። ከ1 ቀጥሎ ያሉትን ሦስት አሃዞች ተመልከቱ። 876 ጃማይካ ነው፤ 809፣ 829 እና 849 ደግሞ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ። በ44ም ውስጥ እንደ ጀርዚና ጉርንዚ ያሉ ደሴቶች አሉ። የጥሪው ዋጋ ሊለያይ ስለሚችል ይህን ማየት አይከፋም።

ደረጃ 3፦ ዜሮውን አንሱ

ከስህተቱ ሁሉ የሚበዛው እዚህ ነው። ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ሕጉ አጭር ነው። የአገር ኮድ ካስገባችሁ በዋናው ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያለውን ዜሮ አውጡት። 07700 900123 የተባለው የእንግሊዝ ሞባይል ‎+44 7700 900123 ይሆናል። በጀርመን፣ በፈረንሳይ፣ በኬንያ፣ በአውስትራሊያና በኤምሬትስም እንዲሁ ነው።

የምታወጡት የመጀመሪያውን አንድ ዜሮ ብቻ ነው። መሃል ላይና መጨረሻ ላይ ያሉትን እንዳትነኩ። በቅንፍ የተጻፈ (0) ካያችሁ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ዝለሉት። ጸሐፊው «አገር ውስጥ ከሆናችሁ ተጠቀሙበት፣ ውጭ ከሆናችሁ ተዉት» ለማለት ያስቀመጠው ነው። አጻጻፉ ለእኔ ጥሩ አይመስለኝም፣ ከሚያስረዳው የሚያሳስተው ይበዛል። ቁጥራችሁን ለሰው ስትሰጡ እንደዚህ አትጻፉት።

አሁን ሕጉን የማይከተሉት፦

ጣሊያን። የመስመር ስልክ ዜሮ አይወጣም። የሮም ቁጥር በ06 ይጀምራል፤ ከውጭም ‎+39 06 ተብሎ ነው የሚደወለው። የጣሊያን ሞባይል ግን በ3 ስለሚጀምር ዜሮ የለውም። እናንተም እንዳትጨምሩበት።

ኮትዲቯር። ከጥር 2021 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ቁጥሮቹ 10 አሃዝ ሆነዋል። መጀመሪያ ላይ ያለው ዜሮ የቁጥሩ አካል ነው። 07 የሚል ካያችሁ ‎+225 07 ብላችሁ ቀጥሉ።

ሩሲያና ካዛክስታን። የአገር ውስጥ መነሻቸው ዜሮ ሳይሆን 8 ነው። 8 9 ብሎ የሚጀምር የሩሲያ ሞባይል ከተሰጣችሁ 8ን አንሱና በቦታው ‎+7 አስገቡ። ‎+7 8 9 ብላችሁ ሁለቱንም ብታስገቡ አይሠራም።

ሀንጋሪ። መነሻው ሁለት አሃዝ ነው፣ 06። ሁለቱንም አንሱና 36ን ተኩ።

አሜሪካና ካናዳ። እዚያ አገር ውስጥ ሰዎች ከቁጥሩ በፊት 1 ይጫናሉ። የአገር ኮዱም 1 ነው። ስለዚህ አንዴ ብቻ አስገቡት።

አርጀንቲና። ከባዱ ይህ ነው። የሞባይል ቁጥር አገር ውስጥ ሲጻፍ ከአካባቢ ኮዱ ቀጥሎ 15 አለው። ከውጭ ስትደውሉ ዜሮውንም 15ንም አውጡ፣ ከ54 ቀጥሎ ደግሞ 9 ጨምሩ። የቦነስ አይረስ ሞባይል ‎+54 9 11 ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ ቀሪው 8 አሃዝ ይከተላል።

ስፔን፣ ፖላንድ፣ ኖርዌይ፣ ዴንማርክ፣ ኳታርና ኩዌት። የአገር ውስጥ መነሻ የላቸውም። የሚወጣ ነገር የለም። ቁጥሩን እንዳለ ከኮዱ ቀጥሎ ጻፉት።

ደረጃ 4፦ መውጫውን አስገቡ

በሞባይል የምትደውሉ ከሆነ ቀላል ነው። ፕላስ (+) አስገቡ፣ ከዚያ የአገር ኮዱን፣ ከዚያ ዋናውን ቁጥር። ፕላስ የትም አገር ብትሆኑ የዚያን አገር መውጫ ቁጥር ይተካላችኋል። ለማውጣት 0 የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙት። በድሮ ባለ ቁልፍ ስልኮች ላይ * የሚለውን ፈጠን አድርጎ ሁለት ጊዜ መጫን የሚያስፈልግበት አለ።

የመስመር ስልክ ላይ ፕላስ የለም። እዚያ ያላችሁበትን አገር መውጫ በቁጥር ማስገባት አለባችሁ፦

- 00፦ አውሮፓ በሞላ ጎደል፣ አብዛኛው የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ክፍል፣ ሕንድና ቻይና
- 011፦ አሜሪካ፣ ካናዳና በ‎+1 ሥር ያሉ አገሮች
- 0011፦ አውስትራሊያ
- 010፦ ጃፓን
- 001፦ ሆንግ ኮንግ
- 009፦ ናይጄሪያ
- 000፦ ኬንያ

በብራዚል ከ00 ቀጥሎ ጥሪውን የሚያስተላልፈውን ድርጅት የሚመርጡ ሁለት አሃዞች ይጨመራሉ። በሩሲያ የመስመር ስልክ ደግሞ 8 ተጭናችሁ ድምፅ ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ 10 ታስገባላችሁ።

ያንኑ የለንደን ቁጥር እናስተያየው፦

- በሞባይል ከየትም አገር፦ ‎+44 20 7946 0018
- ከፈረንሳይ መስመር ስልክ፦ 00 44 20 7946 0018
- ከአሜሪካ መስመር ስልክ፦ 011 44 20 7946 0018
- ከአውስትራሊያ መስመር ስልክ፦ 0011 44 20 7946 0018

ከ44 ወዲህ ያለው አንድም አሃዝ አልተለወጠም። የተለወጠው መውጫው ብቻ ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ «በ00 እምቢ አለኝ» ካላችሁ መልሱ ይኸው ነው፤ 011 ይበል።

ጥንቃቄ፦ ፕላስንና መውጫ ቁጥርን አብራችሁ አታስገቡ። ‎+0044 ስህተት ነው። ‎+01144ም ስህተት ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ።

የቢሮ ወይም የሆቴል ስልክ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ውጭ መስመር መውጣት አለባችሁ። ብዙ ጊዜ 9 ወይም 0 ነው። እሱን ተጭናችሁ የመስመሩ ድምፅ ሲሰማ ነው መውጫ ቁጥሩን የምትጀምሩት። የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ እንግዳ መቀበያውን ጠይቁ።

ደረጃ 5፦ ከመደወላችሁ በፊት ቁጠሩ

ኢ.164 በተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት አንድ ቁጥር የአገር ኮዱን ጨምሮ ከ15 አሃዝ አይበልጥም። ፕላስና መውጫ ቁጥር በዚህ አይቆጠሩም። ከዚያ በላይ ከሆነባችሁ ወይ ኮዱን ሁለቴ ጽፋችኋል፣ ወይ የውስጥ መስመር ቁጥር (ድርጅት ውስጥ ወደ አንድ ክፍል ወይም ሰው የሚያገናኘው) ተቀላቅሎበታል።

ከዚህ የሚሻለው መለኪያ ግን የዚያ አገር ቁጥር ስንት አሃዝ እንደሆነ ማየት ነው። በ‎+1 ያሉት ሁሉ ከ1 ቀጥሎ 10 አሃዝ አላቸው። ከፈረንሳይ 33 ቀጥሎ 9 ነው። ከዴንማርክ 45 ቀጥሎ 8 ነው። የእንግሊዝ ሞባይል ከ44 ቀጥሎ 10 አለው። የማታውቁት አገር ከሆነ ከዚያው አገር ከሚሠራ ሌላ ቁጥር ጋር አስተያዩ። አንድ አሃዝ ከበለጠ ዜሮዋን ጠርጥሩ።

ደረጃ 6፦ አንዴ አስተካክላችሁ መዝግቡ

ቁጥሩ ሲሠራ በዚያው ሁኔታ፣ በፕላስ፣ ኮንታክት ውስጥ አስቀምጡት። የአገራችሁን ሰዎች ቁጥርም ጭምር እንደዚሁ። ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። በ0 የተመዘገበ ቁጥር ቤታችሁ ሳላችሁ ይሠራል። ድንበር ተሻግራችሁ ሮሚንግ ላይ ስትሆኑ ግን ስልኩ ያላችሁበትን አገር ቁጥር የፈለጋችሁ ይመስለዋል። እናታችሁን ስትደውሉ ሌላ ሰው ያነሳል ወይም ጭራሽ አይጠራም። በፕላስ የተመዘገበው ግን ቤትም ውጭም ይሠራል። ለአጭር መልእክትም እንዲሁ ነው።

የውስጥ መስመር ያለው ቁጥር ከሆነ ከዋናው ቁጥር ቀጥሎ ኮማ (,) አስገቡና የውስጥ መስመሩን ጻፉ። ስልኩ ካነሱ በኋላ ትንሽ ቆም ብሎ ራሱ ይጫንላችኋል።

ዋትስአፕ ላይ ሰው አልወጣ ሲላችሁም መጀመሪያ የምታዩት አመዘጋገቡን ነው። ፕላስ፣ ኮድ፣ ዋና ቁጥር፣ ያለ መነሻ ዜሮ። የድሮ የሜክሲኮ ቁጥር ካላችሁ ከ52 ቀጥሎ ያለውን 1 አንሱት፤ ከነሐሴ 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለመደወል አያስፈልግም።

ፎርም ስትሞሉ አገሩን ከዝርዝር ምረጡ የሚል ካለ ኮዱ ተሞልቷል ማለት ነው። ሳጥኑ ውስጥ ከዋናው ቁጥር ጀምሩ። ደግማችሁ ኮድ ከጻፋችሁ የማረጋገጫ መልእክቱ አይመጣም። ጥፋቱ የእናንተ መሆኑን ግን የሚነግራችሁ የለም፣ ዝም ብላችሁ ትጠብቃላችሁ።

ቁጥሮችን ኤክሴል ላይ የምትመዘግቡ ካላችሁ ደግሞ ከመጻፋችሁ በፊት ዓምዱን ወደ ጽሑፍ ዓይነት ቀይሩት። ያለዚያ ፕላሱንም የመጀመሪያውን ዜሮም ይበላዋል። ረጅሙን ቁጥር በነጥብና በፊደል አሳጥሮ ያሳያችኋል። ስንት መቶ ሰው የመዘገበ ዝርዝር በዚህ ምክንያት እንደገና ሲለቀም አይቻለሁ። ያሳዝናል።

አሁንም እምቢ ካለ

«ቁጥሩ ትክክል አይደለም» ካለ። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። ዜሮውን አውጥታችሁ ከሆነ ጣሊያን ወይም ኮትዲቯር እንዳልሆነ እዩ። ካላወጣችሁ አውጡ።

ድሮ ይሠራ የነበረ ቁጥር ካቆመ። አገሩ የቁጥር ርዝመት ቀይሮ ሊሆን ይችላል። ቤኒን በኅዳር 2024 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከ8 አሃዝ ወደ 10 ስትሸጋገር ከነባሩ ቁጥር ፊት 01 ተጨምሯል። ስለዚህ ‎+229 ቀጥሎ 01 ካልገባ አይጠራም።

ምንም ድምፅ ሳይኖር ከተቋረጠ። መስመራችሁ ወደ ውጭ እንዲደውል አልተከፈተ ይሆናል፣ ወይም ሂሳቡ አይበቃም። ወደ ሌላ አገር የምታውቁትን የሚሠራ ቁጥር ሞክሩ። እሱም እምቢ ካለ ችግሩ ቁጥሩ ጋ አይደለም፤ የስልክ አገልግሎት ሰጪያችሁን አነጋግሩ።

ነፃ የጥሪ ቁጥር ከሆነ። በ0800 ወይም በ800 የሚጀምሩ ነፃ መስመሮች ብዙ ጊዜ ከአገራቸው ውጭ አይሠሩም፤ ቢሠሩም ነፃ ላይሆኑ ይችላሉ። ድርጅቱ ከውጭ ለሚደውሉ የሰጠውን ሌላ ቁጥር ፈልጉ። የባንክ ካርድ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ጉዞ ከመውጣታችሁ በፊት ሌላ ቦታ ገልብጡት፤ ካርዱ ሲጠፋ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል።

ከማታውቁት ኮድ ሚስኮል ሲመጣ

አንዴ ጠርቶ የተቋረጠ የውጭ አገር ጥሪ ካያችሁ ቸኩላችሁ መልሳችሁ አትደውሉ። ይህ የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው፤ ዋንጊሪ በሚባል የጃፓንኛ ስም ይጠራል። መልሳችሁ ስትደውሉ በደቂቃ ውድ ወደሆነ መስመር ትገባላችሁ። በተለይ 881ና 882 ላይ ተጠንቀቁ፤ የሳተላይትና የዓለም አቀፍ መስመሮች ኮዶች ናቸው። 979 ደግሞ ራሱ ለውድ አገልግሎት የተመደበ ነው።

ስክሪኑ ላይ የሚታየው ኮድም ማስረጃ አይሆንም። የደዋይን ቁጥር አስመስሎ ማሳየት ይቻላል። ‎+44 ስላለ እንግሊዝ ነው ብላችሁ ለጠያቂው የባንክ ቁጥር አትስጡ። እውነተኛ ሰው ከሆነ መልእክት ይተዋል።

የአገር ኮድ የማይገባባቸው ቁጥሮች

ባለ ሦስትና አራት አሃዝ አጭር ቁጥሮች ላይ ኮድ አይጨመርም። ፖሊስ፣ አምቡላንስና እሳት አደጋ የሚያነሱት እናንተ ያላችሁበት አገር ያሉት ናቸው። ሮሚንግ ላይ ብትሆኑም የምትደውሉት የዚያን አገር አጭር ቁጥር ነው። 112 በአብዛኛው ሞባይል ላይ ወደ አካባቢው የድንገተኛ አገልግሎት ይወስዳችኋል።

እዚህ ላይ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ሌላ አገር ያለ ዘመዳችሁ በስልክ እያወራችሁ ቢወድቅ በአጭሩ ቁጥር ልትረዱት አትችሉም። የሚያነሳው የእናንተ አገር አምቡላንስ ነው። ለእሱ ቤት ቅርብ የሆነውን ሆስፒታል ወይም ፖሊስ ጣቢያ ሙሉ ቁጥር ጠይቁት። የጎረቤቱንም ጨምሩ። በፕላስ አድርጋችሁ ዛሬውኑ መዝግቡት፤ አንድ ጊዜም ደውላችሁ እንደሚጠራ አረጋግጡ።